ንጉሡን ስለገደለው ሰው የጻፍሽው

እህት ዓለም፣

ታክሲው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ቁልፌን ለአከራያችን ሰጥቻለሁ። ጋዙ ሊያልቅ ነው፤ ልብስሽን ከገመዱ አውርጄ አጥፌልሻለሁ።

ለረዳት መምህርነቱ ውድድር የጻፍሽውን ድርሰት እንዳነብልሽ ሰጥተሽኝ ነበር። በክፍል ባነበብነው ተውኔት ውስጥ ንጉሡን ገድሎ ዙፋኑ ላይ ስለወጣው ሰው ነበር። ክፍሉ በሙሉ «ሚስቱ ናት የገፋፋችው» ሲል፣ አንቺ ግን «ምኞቱ ድሮም ሆዱ ውስጥ ነበር፤ እሷ ስሙን ጠራችለት እንጂ» ብለሽ ጻፍሽ።

«ይሄ የልጅ ሐሳብ ነው፤ መሳቂያ ትሆኛለሽ» አልኩሽ። ቀዳደሽ ጣልሽው፤ ሁለት ቀን እህል ሳትቀምሺ ተኛሽ።

እኔ ሐሳብሽን ለዚያው ውድድር በጻፍኩት የራሴ ድርሰት ውስጥ አስገባሁት። መምህራችን ከሥሩ አስምሮ «ይህን እስከዛሬ ማንም አላየውም» ብሎ ጻፈበት። ሥራውን ያገኘሁት በዚያ ነው። ስነግርሽ አንገቴ ላይ ተጠምጥመሽ በደስታ አለቀስሽ። እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

አራት ዓመት አብረን ስንማር መምህሩ ከባድ ጥያቄ ሲሆን ዞሮ የሚያየው አንቺን ነበር። እኔ አጠገብሽ እንደተቀመጥኩ።

አንድ ነገር ይቀራል። ባለፈው ሳምንት ሁለተኛ የረዳት መምህርነት ቦታ ተከፍቶ ነበር። መምህሩ «ያቺ አብራሽ የምትኖረው ጎበዝ ልጅስ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ትምህርቱ ሰልችቷታል፤ አትፈልግም» አልኩት።

ምዝገባው ትናንት አበቃ። ይህን ወረቀት የጻፍኩልሽም ምዝገባው እስኪዘጋ ጠብቄ ነው።