ጣሪያው እስኪወድቅ ከሥሩ እንድናድር ስለታዘዝንበት የወለድ አገድ ደንብ

ለተከበሩ አቶ አስናቀው፣
ከእህል ሲሎው ማዶ ያለው ሰፈር የኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር የቤት ጉዳይ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ገዳሪፍ

ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም በሲሚንቶ ለተሠራው ጣሪያዎ ያለኝን መልካም ምኞት በማስቀደም ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ፣ ማለትም እኔ፣ ባለቤቴ ዙፋንና እናቷ እማማ በለጠች፣ ይህ ደብዳቤ እስከተጻፈበት ሰዓት ድረስ ደኅና ነን። እስኪነበብ ድረስ ስለሚኖረው ሁኔታ ግን ዋስትና መስጠት የሚችለው ምስጡ ብቻ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። በጦርነቱ ከካርቱም የተፈናቀለው ሕዝብ ብዛት የገዳሪፍን የቤት ኪራይ ሰማይ ሲሰቅለው፣ ያለንን ጥሪት ሁሉ ለአቶ ጋረደው አበድረን ቤታቸውን በአገራችን ልማድ በወለድ አገድ ያዝን። እሳቸው ወለድ አይከፍሉም፣ እኛ ኪራይ አንከፍልም፤ ገንዘባችንን የመለሱልን ዕለት ቤቱን እንለቃለን። አባቶቻችን በዚህ ልማድ ሲኖሩ የቤት ጉዳይ ኮሚቴ አልነበራቸውም። እንዴት እንደቻሉት አላውቅም።

በቅርቡ ኮሚቴዎ ሻጭና ገዢን፣ አበዳሪና ተበዳሪን ከጭቅጭቅ ለማዳን አዲስ ደንብ አወጣ። ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ዕድሜዬን ፊዚክስ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ያልተቆጠረ ነገር ያስጨንቀኛል።

፩ኛ. በወለድ አገድ የያዘ ሰው ቤቱን እንዳያድስ ስለከለከላችሁ አመሰግናለሁ። ያደሰ ሰው የዕድሳቱ ወጪ ካልተከፈለኝ አልወጣም ይላል ብላችሁ ሰግታችኋል። ማደስ የሚችለው ባለቤቱ ብቻ፣ እሱም በአካል ቀርቦ ሲያስፈቅድ ነው። አቶ ጋረደው ደግሞ ድንበሩ አጠገብ ወዳለው ወደ ፋሽጋ እርሻ ሰሊጥ ሊያዘሩ ሄደዋል፤ ዝናቡ መንገዱን ጭቃ ካደረገው እስከ አጨዳ አይመለሱም። ምስጡ ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ሥራውን ቀጥሏል፤ የጣሪያው ተሸካሚ እንጨት ሲመቱት እንደ ከበሮ ይጮኻል። ዋልካው መሬት ደርቆ ሲሰነጣጠቅም ግድግዳውን ወደ ሱዳናዊው ጎረቤታችን ወደ ያሕያ ግቢ አዘንብሎታል። ያሕያ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ «ኡስታዝ፣ ቤትህ እኔን ሊጠይቅ እየመጣ ነው፤ ሻይ ላፍላለት?» ብሎኛል።

፪ኛ. ልብሱ የተገፈፈው የኤሌክትሪክ ሽቦ የቆርቆሮውን በር ስለሚነካ፣ በራችን እንግዳን እየነዘረ ይቀበላል። ቤቱን ከአቶ ጋረደው ሊገዛ አስቦ ለማየት የመጣ አንድ ሰው በሩን ከጨበጠ ወዲህ አልታየም። እማማ በለጠች ሰይጣን ነው ብለው ጸበል ሊረጩት ሲሉ ደርሼ እጃቸውን ያዝኩ፤ የተማርኩት ፊዚክስ ሁሉ ዋጋ ያገኘው ያን ቀን ነው። ሽቦውን ላስቆርጥ ብዬ ብጠይቅ፣ መቁረጥም ዕድሳት ነው ተባልኩ።

፫ኛ. በወለድ አገድ የያዘ ሰው ከነቤተሰቡ ከጣሪያው ሥር ካላደረ ቤቱን እንደለቀቀ፣ ገንዘቡንም እንደተወ ይቆጠራል ትላላችሁ። በዚህ ሙቀት የገዳሪፍ ሰው ሁሉ አልጋውን ወደ ግቢ እንደሚያወጣ ሳታውቁ ቀርታችሁ አይደለም። ግቢው ውስጥ ራኩባ፣ ማለትም የሣር ዳስ፣ ሠርቼ ቤተሰቤን እዚያ ላሳድር ብዬ ባመለክት፣ ራኩባ ጣሪያ አይደለም የሚል መልስ ሰጣችሁኝ። እውነታችሁን ነው። ራኩባ ሲወድቅ ሰው አይገድልም።

፬ኛ. ቤት ከመሸጡ ወይም በወለድ አገድ ከመያዙ በፊት ከአደጋ ነፃ መሆኑ ይመርመር ማለታችሁን ግን ያለ አሽሙር ወድጄው ነበር። ቀድሞ የተያዘውንም እንድትመረምሩ ለመንኩ። እርስዎና ምክትልዎ አቶ ሃይላይ መጣችሁ። አቶ ሃይላይ ከደጃፉ ቆመው ሽቅብ ተመለከቱና፣ «እኔ የልጆች አባት ነኝ» ብለው ከግቢው ወጡ። እርስዎ አንድ እግርዎን አስገቡ፤ እንጨቱ ሲንቋቋ መልሰው አወጡት። ከዚያም ያሕያ ዘንድ ሻይ ጠጥታችሁ፣ ቤቱ ለመኖሪያ የሚያሰጋ አይደለም ብላችሁ ፈረማችሁ። ለራሳችሁ ሕይወት ያሳያችሁትን ጥንቃቄ አደንቃለሁ። ከእሱ ቁራሽ እንኳ ለእኛ ብትቆርሱልን ምን ነበረበት?

የምለምነው ከሁለት አንዱን ነው። ወይ ዝናቡ ሳይገባ እንጨቱን እንድቀይርና ሽቦውን እንዳስቆርጥ ፍቀዱልኝ፤ ወይ ገንዘባችንን ሳናጣ ራኩባ ውስጥ እንድናድር ፍቀዱልን። ጉባኤ ጠርታችሁ የስበትን ሕግ ማሻሻል ከቻላችሁም በሦስተኛ አማራጭነት እቀበላለሁ።

ዙፋን ግን ለአማራጭ ትዕግሥት የላትም። ትናንት የእናቷን አልጋ ከዘመመው ግድግዳ አርቃ ወደ በሩ ወሰደችው፤ ዛሬ ደግሞ በሩን ፈርታ ወደ ግድግዳው መለሰችው። እናቷን የምታስተኛበት ማዕዘን አጥታ መካከል ላይ ቆማ አየኋት፤ መካከሉ ላይ ደግሞ ያ እንጨት አለ። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ረጅም ዕድሜና ሙሉ ጤና፣ ከሁለቱም በላይ የቆመ ግድግዳ እየተመኘሁልዎ፣ እንጨቱን ላለማስቆጣት በቀስታ የጻፍኩልዎ፣

ስንሻው ውባየሁ
የቀድሞ የፊዚክስ መምህር፣ ደንብ አክባሪ፣ እስከ ዛሬም ከፍርስራሽ በላይ የሚገኝ ነዋሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለምርመራ በመጡ ዕለት በጥድፊያ ሲወጡ የወይራ ከዘራዎን ረስተዋል። የድንጋይ ክምር ላይ አቁሜ ምስጥ የበላውን የጣሪያ እንጨት አስደግፌበታለሁ፤ ኮሚቴው እስከ ዛሬ ለቤታችን ያበረከተው እሱን ብቻ ነው። ይህም ዕድሳት ነው ከተባለ ደንቡን አልጥስም፤ እርስዎ ራስዎ ገብተው ይንቀሉት።