የእህትሽ መኪና ጉዳይ

ለውድ ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽን ያምሽ የነበረው ነገር ተሻለሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትልቁ አሁንም መጽሐፍ ደረቱ ላይ እንደያዘ ነው እንቅልፍ የሚወስደው? ባለቤትሽንም ሰላም በይልኝ። እኛ ተመስገን ደህና ነን። እናትሽ የደም ግፊቷ ወርዶላት ሰሞኑን የቤቱን መጋረጃ ሁሉ አውርዳ አጠበች። ተይ ብላት እሺ አትልም፣ ታውቂያት የለ። እኔም ቦርጭ አወጣህ እየተባልኩ ነው እንጂ ሌላ የሚነገር በሽታ የለብኝም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ምክንያቱን ወደ በኋላ እደርስበታለሁ። በእህትሽ መኪና የተነሣ ቤታችን ውስጥ የሆነውን ግማሹን ከእሷ፣ ግማሹን ከእናትሽ እንደሰማሽ አውቃለሁ። ሁለቱም ለእኔ ሲሉ ያስቀሩት ነገር አለ። እሱን ከራሴ እንድትሰሚው ፈለግሁ።

እህትሽ ከሆስፒታሉ ወጥታ ቤት ለቤት እየሄደች ማዋለድ ስትጀምር መኪና የግድ ሆነባት። ምጥ አውቶቡስ አይጠብቅም። በእጇ በቂ ገንዘብ ስላልነበራት ያገለገሉ መኪኖች ወደሚሸጡበት አንድ ግቢ ሄደች። እዚያ ቢሮ ውስጥ፣ ከሻጩ ጠረጴዛ አጠገብ፣ የአበዳሪው ድርጅት ሠራተኛ ተቀምጣለች። መኪናውን መርጠሽ ፊትሽን ስታዞሪ ብድሩም እዚያው ያልቅልሻል። በየወሩ እየከፈለች በአራት ዓመት ልትጨርስ ተስማማች። ከመፈረሟ በፊት ግን፣ አባዬ አይቶ እሺ ካላለ አልገዛም አለቻቸው።

ደስ አለኝ። ምን አስዋሸኝ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማንም ለምንም ነገር አልጠራኝም ነበር። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ። ሻጩ ገና ሲያየኝ አወቀኝ፤ ድሮ ወንድሙ እኛ ጋራዥ መኪናውን ያሠራ ነበር። «ጋሽ ጆሮ አይደሉም እንዴ?» ብሎ ወንበር ሳበልኝ። ስሙን ታስታውሺዋለሽ፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት የተጠራሁበት ነው። መኪና ገና በበር ሲገባ፣ እኔ ሌላ መኪና ሥር እንደተጋደምኩ፣ «የኋላ ኩሽኔታ ነው» ወይም «አንዱ ካንዴላ አይሠራም» ስል የጋራዡ ሰው ይወራረድ ነበር። ይሳሳታል ብሎ የተወራረደብኝ አሸንፎ አያውቅም።

ኮፈኑን ከፈትኩ፣ የሞተሩን ዘይት በጣቴ አሸሁት፣ ሥሩም ተንጋልዬ ገባሁ። ዝገት የለም። ከዚያ ነዳሁት። እህትሽ ከጎኔ፣ ሻጩ ከኋላ ተቀመጡ። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ስገባ እህትሽ ወደ እኔ ዘንበል ብላ አንድ ነገር ተናገረች። ምን አልሽ አልኳት፣ ደገመችው። «አባዬ፣ የሆነ የሚያፏጭ ነገር አይሰማህም?» ነበር ያለችኝ። እኔ ምንም አልሰማሁም። «ጎማው ነው፣ አስፋልቱ ሻካራ ስለሆነ ነው» አልኳት አፌን ሞልቼ። ሻጩም ከኋላ ሆኖ «ጎማው ነው፣ ልክ ነዎት» አለ። ተመለስን፣ ፈረመች።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ካምቢዮው ተነከሰ። ወደ አንዲት ወላድ እየሄደች ሳለ ዳገት መሃል ላይ ማርሽ አልገባም ብሎ ቆመ። መኪናውን ጥጉን አስይዛ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ግማሹን እየሮጠች ግማሹን እየተራመደች ስትደርስ ሕፃኑ ተወልዷል። የወላዷ አማት በፎጣ ጠቅልላ ይዛዋለች። እናትም ልጅም ደህና ነበሩ። አማቲቱ ግን እህትሽን ሽቅብ ቁልቁል አይታ፣ «እኔማ አዋላጅ የጠራን መስሎኝ ነበር» አለቻት።

ይኼን ስትነግረኝ ምን እንዳልኳት ታውቂያለሽ? «እግርሽን ፍሪሲዮን ላይ ጥለሽ እየነዳሽ ነው ያበላሸሽው» አልኳት። የእኔ ጆሮ ያሳለፈው መኪና ችግር ሊኖርበት አይችልማ። እህትሽ ከዚያ በኋላ ቤት ስትመጣ እናትሽን ስማ፣ እኔን ሰላም ብላ፣ ወጥ ቤት ገብታ ትቀር ጀመር።

ሻጩ ጋ ስትሄድ፣ መኪናው ከግቢው ከወጣ በኋላ እኛን አይመለከትም፣ ውሉም «ባለበት ሁኔታ» ነው የሚለው አላት። አበዳሪዎቹ ደግሞ፣ እኛ ገንዘብ ሰጠን እንጂ መኪና አልሸጥንም አሏት። ተናዳ የወር ክፍያውን ልታቆም ስትል አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ወደ ሸማቾች ጽሕፈት ቤት ላከቻት። እዚያ ጉንፋን የያዛት ሴት መሐረቧን ከአፍንጫዋ ሳታነሣ አስተናገደቻት። ያቺን ሴት በዓይኔ ባላያትም ሁልጊዜ እመርቃታለሁ። ክፍያውን አታቁሚ አለቻት፤ ካቆምሽ ጥፋተኛዋ አንቺ ትሆኛለሽ። «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ቃል ሻጭን ከተደበቀ ብልሽት አያድነውም። ደብዳቤ ለሻጩ ብቻ ሳይሆን ለአበዳሪውም ጻፊ፣ ለዚህ መኪና ብሎ ያበደረ አብሮ ይጠየቃል። በስድስት ወር ውስጥ የታየ ብልሽት ሲሸጥም እንደነበረ ነው የሚቆጠረው፣ አልነበረም የሚል ሻጭ እሱ ያስረዳ። አንድ ጊዜ እንዲጠግኑት ዕድል ስጫቸው። ደግሞ ከእነሱ ሌላ፣ ገለልተኛ መርማሪ ሳያየው ማንም እንዳይከፍተው፣ አባትሽም ቢሆን።

የመጨረሻዋ ምክር እኔን አቃጠለችኝ። መኪናው ደጃችን ቆሞ፣ መፍቻዬ እጄ ላይ እያለ፣ ካምቢዮውን አውርጄ እንዳላየው ተከለከልኩ። ሁለት ቀን ዙሪያውን ስዞር እናትሽ በመስኮት ታየኝ ነበር።

ሻጩ መኪናውን ወስዶ አሥራ አንድ ቀን አቆየው። «ተጠግኗል» ተብሎ መጣ። ከሳምንት በኋላ እንደገና ያው ሆነ። መርማሪው ሲከፍተው ወፍራም ዘይት ሞልተውበት ኖሯል፤ ድምፁን ለጊዜው ያፍነዋል፣ የድሮ ተንኮል ነው። ከዘይቱ ሥር የብረት ብናኝ ተጠራቅሟል። መርማሪው ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። የተበላችውን ኩሽኔታ መዳፌ ላይ አስቀምጦ፣ «እንዲህ ለመሆን ብዙ ወር ይፈጃል። ሲሸጥ እየጮኸ መሆን አለበት» አለኝ። ቀና ብሎ አየኝና ፊቱን አዞረ። እሱም ስሜን ያውቃል።

ያን ዕለት ነው እውነቱን ለራሴ የነገርኩት። ቀድሞም ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። አንቺ ስትደውዪ «ደህና ነኝ፣ እናትሽን ላቅርብልሽ» እያልኩ ስልኩን ስሰጥ የቆየሁት ስለማልሰማሽ ነው፣ ልጄ። ድምፅሽ ይመጣል፣ ቃሉ አይመጣም። ያኮረፍኩሽ ሳይመስልሽ አልቀረም፤ ይቅር በይኝ። ማንም እንዳያውቅ ስጣጣር ለእህትሽ ድምፁ የማይሰማኝን መኪና አስገዛኋት፤ ሲበላሽ ደግሞ በእሷ አላከክሁ።

እህትሽ ለሸማቾች ጽሕፈት ቤቱ አቤቱታ አቅርባ ክርክሩ የተሰማው እዚያው፣ ከአንድ መማሪያ ክፍል በማትበልጥ ክፍል ውስጥ ነው። ሦስት ሰዎች ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል፣ ሰብሳቢዋ መሃል ላይ ናት። ሻጩ ረጋ ብሎ ተናገረ። የመርማሪውን ወረቀት አልካድም አለ፤ ነገር ግን ገዢዋ መኪናውን ያስመረመረችው በዚህ ከተማ ጆሮው በተመሰከረለት መካኒክ ነው። ጋሽ ጆሮ ነድተውት እሺ ብለዋል። እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ድምፁ ያኔ አልነበረም፣ ወይ ሰምተው እያወቁ ገዝተዋል። አውቆ የገዛ ደግሞ አቤቱታ የለውም።

ተንኮሉ ገባሽ? በስሜ አሰረን። የአበዳሪው ሰውም ራሱን ነቀነቀ።

እህትሽን አየኋት። አንድ ቃል ብትናገር፣ «እኔ ሰምቼ ነበር፣ አባቴ ነው ጎማ ነው ያለኝ» ብትል፣ ነገሩ ይፈታ ነበር። ጠረጴዛውን እያየች ዝም አለች። መኪናው ቢቀርባትም፣ አራት ዓመት ለቆመ መኪና ብትከፍልም፣ እኔን ሰው ፊት ላታዋርደኝ ቆርጣ ነበር የመጣችው።

ተነሣሁና «እኔ አልሰማም» አልኩ።

ሰብሳቢዋ ጥያቄውን አልሰማሁም ያልኩ መስሏት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ከመጀመሪያው ደገመችልኝ። አጠገቧ ያለው ሰው ሳቁን በእጁ ሸፈነ፤ እኔም ራሴ ፈገግ አልኩ። «ጥያቄውንስ ሰምቻለሁ» አልኳት። «ጆሮዬ ነው የማይሰማው። ከቆየ ቆይቷል። ልጄ ያን ዕለት የሚያፏጭ ነገር አለ ብላኝ ነበር፣ ጎማ ነው ብዬ አሳመንኳት። እሷ ያመነችው እኔን ነው፣ እኔ ደግሞ የሌለኝን ጆሮ።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሳስበው አሁንም ይገርመኛል። ሻጩ ዝም ቢል ይሻለው ነበር። ተጣድፎ ተነሣና፣ «ልጅቱ ከሰማች ታዲያ ለምን ፈረመች? እኛስ ድምፁን እየሰማን ዝም ያልነው ባለሙያ ይዛ መጥታለች፣ እሱ ይወቅላት ብለን አይደለም እንዴ?» አለ። ሰብሳቢዋ ወደ ጸሐፊዋ ዞራ፣ «እየሰማን ዝም ያልነው የሚለውን እንዳለ ጻፊው» አለቻት። የአበዳሪው ሰው ወንበሩን ከሻጩ ትንሽ ፈቀቅ አደረገ።

በሦስተኛው ሳምንት ውሳኔው ተሰጠ። መኪናው ተመለሰ፣ ውሉም ብድሩም ተሰረዘ፣ በየወሩ የከፈለችው ገንዘብ ለተጠቀመችበት ትንሽ ተቀንሶ ተመለሰላት። አበዳሪውም ከሻጩ ጋር እኩል ነው ተጠያቂ የሆነው። አሁን ሌላ መኪና እያየች ነው። ባለፈው ቅዳሜ መርማሪውን ይዛ ስትሄድ እኔ ጋ መጥታ ጫማህን አድርግ አለችኝ። እኔ ምን እሠራለሁ ስላት፣ «እሱ ያዳምጥ፣ አንተ ዝገቱን እይ» አለች። ሄድኩ። ዝገት አገኘሁበት፣ አልገዛንም።

ሐኪም ዘንድም ሄጃለሁ። ግራው ጆሮዬ ጨርሶ የለም ማለት ይቻላል፣ ቀኙ ግን ጥቂት ይሰማል አሉኝ፤ የዕድሜ ልክ የጋራዥ ጩኸት የበላው ነው። ለቀኙ መሣሪያ አዝዘውልኛል፣ በሚቀጥለው ወር ይደርሳል።

አንድ ነገር ቀረኝ። የክርክሩ ዕለት እናትሽ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ነበር የጠበቀችን። ለእሷ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት እየተጨነቅሁ ወጣሁ። ልጀምር ስል፣ «ይደርሳል፣ ደክሞሃል፣ እንሂድ» አለችኝ። እህትሽ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች፤ እኛ በእግራችን ወደ ቤት ተመለስን። ከበሩ ስንወጣ በግራዬ ነበረች። ወዲያው በኋላዬ ዞራ በቀኜ በኩል መጣችና ክንዴን ያዘች። ከተጋባን ጀምሮ ለብዙ ዓመት በግራዬ ነበር የምትሄደው፤ ድሮ የተነሣናቸውን ፎቶዎች ብታዪ ሁሉም ላይ በግራዬ ናት። መቼ ነው ወደሚሰማው ጆሮዬ ጎን የቀየረችው ብዬ መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነበር። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ነው። እንዲያውም ከዚያም በፊት ሳይሆን አይቀርም። አልጠየቅኳትም። እሷ ስለ ጎረቤታችን አጥር ታወራኛለች፣ እኔ አንድም ቃል ሳያመልጠኝ እሰማታለሁ።

ልጄ፣ ፈጣሪ ጤናሽን ይስጥሽ፤ ልጆችሽ ያደጉበትን፣ ያገቡበትን ቀን ያሳይሽ። የምታምኚው ሰው አይጥፋብሽ፣ አንቺንም የሚያምንሽ አይጣሽ። ለዚህ ደብዳቤ መልሱን በጽሑፍ ላኪልኝ፣ እናትሽን ሳላስነብብ ለብቻዬ የማነበው ነገር ቢኖረኝ ደስ ይለኛል።

የሚወድሽ አባትሽ