አባትሽ ያመለከተበት ጥግ

ግንቦት 6 ቀን 2017። በአባትሽ አልጋ አጠገብ ያለው ግድግዳ ረጥቦ ከተሰነጠቀ ቀናት ሆኑ።

ልጄ ናጅዋ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ በሰው አገር ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ። ሙቀቱ በርትቷል፤ ዝናብ የለም።

ቧንቧውን ሁሉ ዘግተን እንኳ ቆጣሪው ይሽከረከራል። ቧንቧ ሠሪው ሙዐዊያ «እትዬ፣ ውሃው መሬት ውስጥ ነው የሚፈሰው። መስመሩ በየት በኩል አለፈ?» አለኝ። የቀበረው አባትሽ ነው፤ ምላሱ ከተያዘ ወዲህ ግን ቀኝ እጁን ከማንሳት በቀር ምንም አይችልም። ስንጠይቀው እጁን ወደ ክፍሉ ሰሜናዊ ጥግ ዘረጋ። ሙዐዊያ ቆፈረ፤ አፈሩ ደረቅ ነው። ደግመን ብንጠይቀው እዚያው አመለከተ።

«ጋሼ ከቢር፣ ወርቅ ነው እንዴ የቀበሩት?» አለ ሙዐዊያ ላቡን እየጠረገ። እኔም ሳቅሁ። ሁለት ቀን አስቆፈርኩ።

ዛሬ ቀትር ላይ ዙህርን እሱ ክፍል ልሰግድ ምንጣፌን ስዘረጋ ጉድጓዱ ፊት ለፊቴ ሆነ። አባትሽ ሲያሳየን የሰነበተው ቂብላውን ነበር። ሞቴ ቀርቧልና ፊቴን ወደ መካ አዙሩልኝ ማለቱ ነው። ልቤ ውሃው ላይ ስለነበር አላስተዋልኩም።

አልጋውን ከሙዐዊያ ጋር አዞርነው፤ እጁን አወረደ። አልጋው የነበረበት ቦታ ጭቃ ሆኗል። ሙዐዊያ ዶማውን ሲያነሳ ከለከልኩት። እሱ እያየ እዚያ ጉድጓድ አላስቆፍርም።

ጆሮው ይሰማል። ያስቀየመሽ ነገር ካለ አውፍ በይው፤ ድምፅሽን በስልክ ላኪለት። አላህ ዱዓሽን ይቀበል፣ ዕድሜሽን ያርዝመው።

የቆጣሪውን መዝጊያ ልዘጋ ተነሥቼ ነበር። ያንን ትቼ ከቁርኣን ያሲንን የሚቀሩለት ሸኽ ልጠራ መውጣቴ ነው።

እናትሽ ራቢዓ