አስራ ሰባት ቁጥር ቧንቧ

ብራውንስቪል፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ

ይድረስ ለተከበሩ አበልጄ፤

ከዚህ ከሄዱ ወዲህ እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎ? የቦሞንት እርጥበት ለመገጣጠሚያ አይስማማም ሲሉ ሰምቼ አሳስቦኛል። ባለቤትዎ እትዬ ኦራልያስ ደህና ናቸው? ስኳሩ ወረደላቸው? እኛ ተመስገን ነው፣ ደህና ነን። የክርስትና ልጅዎ ይትሴል ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው፣ ስትስቅ ቁርጥ እርስዎን መስላለች። «አባባ መቼ ነው የሚመጡት?» ማለቷን እስከ ዛሬ አልተወችም። በልጅዎ ግቢ የአጥር በር ይበይዳሉ ሲባል ሰማሁ። አርባ ዓመት የበየዱ ሰው አጥር ሲበይዱ ማሰብ ደስ አይለኝም።

ወሬውን ሰምተው ይሆናል፤ ሐሙስ ዕለት አስራ አንደኛው ሮኬታችን በረረ። የባሕሩን መንገድ ከማለዳ ዘጉት። እኛ በያጆቹ እንደ ልማዳችን ከሽሪምፕ አጥማጅ ጀልባዎቹ ወደብ ቆመን ጠበቅን። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተነሣ፤ ላይ ደርሶ ሞተሩን አጠፋና በሆዱ ተዘርግቶ ወረደ። መሬት ሲቀርብ ሞተሩ ተነሣ፣ ተገለበጠ፣ ቆመ። አበልጄ፣ ቆመ! የክሬኑ ኔቶ «እኔ እንኳ ከሠርግ ስመለስ እንዲህ ቀጥ ብዬ ቆሜ አላውቅም» ብሎ ሁሉንም አሳቀ፤ ከዚያ ራሱ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። የኔ ግን ደስታ ብቻ አልነበረም። ይህን ቀን ሳይታክቱ የጠበቁት እርስዎ ነበሩ፣ አጠገቤ ግን አልነበሩም።

የጻፍኩልዎ ለዚህ አይደለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እንዳልሰሙ አውቃለሁ። ዘጠነኛው ወድቆ እርስዎ ከተባረሩ ጀምሮ፣ እዚህ ሠራተኛ አንድ ዕቃ ረስቶ ሲገኝ በእርስዎ የበያጅ ቁጥር «አስራ ሰባት ሠራህ!» ይባላል። መፍቻ የረሳም፣ ጓንት የጣለም «አስራ ሰባት» ነው። የሚሳደቡት እርስዎን አይተው የማያውቁ አዲስ ልጆች ናቸው። አንድ ቀን ኔቶ ብቻ ተቆጥቶ «ያ ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኖ የበየደውን አንተ በመነጽርም አትበይደውም!» ብሎ አንዱን አፉን አስያዘው። እኔ ምሳዬን መብላቴን ቀጠልኩ።

ያንን ቧንቧ የበየድኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ያውቁታል፤ እኔ ግን አንድ ቀን በእጄ ጽፌ ማየት ነበረብኝ።

በዚያ ሳምንት ቧንቧ የምንወትፍበት፣ ውሃ ሲነካው የሚሟሟው ወረቀት አልቆ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን እስኪመጣ ይጠብቃል። እኔ የብየዳው ጋዝ ከቧንቧው እንዳይወጣ በስፖንጅ ወተፍኩት፤ በይጄ ስጨርስ በክፍቱ ጫፍ በኩል በሽቦ ላወጣው ነበር። እንደጨረስኩ ቁጥሬን፣ አርባ ሁለትን፣ ከብየዳው አጠገብ በመዶሻ መታሁ። ወዲያው ከትምህርት ቤት ይትሴል አተኮሳት ብለው ደወሉና ሁሉን ጥዬ ሮጥኩ። በማግስቱ ስመጣ የሌላው ፈረቃ ክፍቱን ጫፍ ዘግቶታል። እነሱ አውጥተውት ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በምሳ ሰዓት እርስዎ ታኮዎን እየበሉ «ስፖንጁን አወጣሽው?» ብለው ጠየቁኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «አውጥቼዋለሁ» አልኩዎ። እርስዎም «ጎበዝ» አሉኝ። ያቺ «ጎበዝ» ከጆሮዬ ወጥታ አታውቅም።

ዘጠነኛው ሊያርፍ ሲል አንዱ ሞተር ነዳጅ አጥሮት ተንፈራፈረ፤ በጎኑ ወደቀና ተቃጠለ። ሰው አልተጎዳም እንጂ እኔ እስከ ትናንት እንቅልፍ አልነበረኝም። እርስዎና ሌሎቹ ሦስት ቀን ረግረጉ ውስጥ ስብርባሪ ለቀማችሁ። ከዚያ መርማሪዎቹ ስፖንጁን ከነዳጁ ማጣሪያ አገኙት፣ ቧንቧውንም አመጡ። ስብሰባው ላይ አርባ ሁለት ሲባል እየጠበቅኩ ተቀምጫለሁ፤ አስራ ሰባት ተባለ። እርስዎም ተነሥተው «ቁጥሩ የኔ ነው» አሉ። ሌላ ቧንቧ ይሆናል፣ እግዜር ማረኝ ብዬ ራሴን አሞኘሁ። ሲወጡ በር ላይ «ለጉልበቴም ደረጃው በዝቶበት ነበር» ብለው ሳቁልኝ፣ የምሳ ዕቃዎን ይዘው ሄዱ።

ዓርብ ዕለት አለቃችን ሆልብሩክ ያንን ቧንቧ አስቆርጦ፣ ጥላሸቱንና ጭቃውን አስጸድቶ መግቢያው ላይ በመስታወት ሥር አስቀመጠው፤ አዲስ ሠራተኛ ሁሉ አይቶ እንዲማርበት ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁት። የብየዳው መስመር የግራኝ ነው፤ በእኛ መጋዘን ደግሞ ግራኝ እኔ ብቻ ነኝ። ከአስራ ሰባቱ ሥር ብረቱ ተሞርዷል። ከሙረዳው ጠርዝ የአራት ቁጥር እግር ቀርታለች። ረግረጉ ላይ ከለቀሙት ሰዎች መካከል የቁጥር ማህተም በኪሱ ይዞ የሚዞር አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ። አንዱ ልጅ «አመመሽ እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ልንገርዎ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ማን ለመነዎት? በጥምቀቱ ዕለት ልጄን ታቅፈው ቃል የገቡት ለእሷ እንጂ ለእኔ አልነበረም። ከዚያ ቤቴ ገብቼ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።

ያየሁትን እንዳለ ብናገር፣ ማስረጃ ነክተዋል ብለው ፍርድ ቤት ያቆሙዎታል። ዝም ብል አስራ ሰባት በመስታወት ሥር ሊኖር ነው። ሌላ ሰው ያችን የአራት እግር እስኪያያትም መጠበቅ አልቻልኩም። ስለዚህ ትናንት ጠዋት ሆልብሩክ ቢሮ ገባሁ። ስፖንጁን የረሳሁት እኔ ነኝ አልኩት። በማግስቱ ፈርቼ፣ ማህተሙን ከእርሳቸው ሳጥን ሰርቄ፣ የራሴን ቁጥር ሞርጄ የእርሳቸውን የመታሁትም እኔ ነኝ አልኩት። መነጽሩን አወለቀ። «እሱ ያውቅ ነበር?» አለኝ። አያውቁም አልኩት። «ታዲያ ለምን አመነ?» ሲለኝ፣ ቁጥራቸውን አዩ፤ ቁጥራቸውን የሚክዱ ሰው አይደሉም አልኩት። መነጽሩን መልሶ አደረገና መታወቂያዬን እንድመልስ ጠየቀኝ።

ምሳ ሳይደርስ ቧንቧው ተነሣ። ሆልብሩክ ሰዉን ሁሉ ሰብስቦ አስራ ሰባት ምንም ጥፋት የለበትም አለ፤ ኔቶ ቆቡን አወለቀ። ስወጣ ግን ፊቱን አዞረብኝ። የሽማግሌ ስም ያጠፋች ሌባ መስዬው ነው፣ ምን ያድርግ። ቆጭቶኛል፤ ቢሆንም ከአራት ወር በኋላ ትናንት መጀመሪያ የተኛሁበት ቀን ነው። ስለ እኛ አይጨነቁ፤ ከነገ ጀምሮ ወደብ ላይ የሽሪምፕ ጀልባ እበይዳለሁ።

በዚህ ሳምንት ይደውሉልዎታል። ወደ ሥራዎ ይመለሱ ይሉዎታል፤ እባክዎ እምቢ ብለው አያሳፍሩኝ። ስለ ማህተሙም ይጠይቁዎታል። እርስዎ ምንም አያውቁም፤ ሳጥንዎ ሳይቆለፍ ያድር ነበር፣ እኔ ወሰድኩ፣ አለቀ። ውሸት እንደማይሆንልዎ አውቃለሁ። ግን አንዴ ሆኖልዎታል።

የጓዳሉፔዋ እመቤት ጉልበትዎን ታጽናልኝ፣ ለእትዬ ኦራልያ ጤናውን ትስጥልኝ፣ አስራ ሁለተኛው ሲቆም እዚሁ ሆነው ለማየት ታብቃዎ።

ልጅዋን ክርስትና ያነሡላት፣
አበልጅዎ