ብረትም ይደክማል፦ የኢንጂነር ሃልቫርድ ኔስቪክ የሕይወት ታሪክ

ኢንጂነር ሃልቫርድ ኔስቪክ ከአባታቸው ከአቶ አንዶር ኔስቪክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፔትራ፣ በሰሜን ኖርዌይ የባሕር ጠረፍ በምትገኘው በሃቭነስ፣ እ.ኤ.አ. በ1931 ዓ.ም በክረምቱ መግቢያ ላይ ተወለዱ። አባታቸው ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ማለዳ ወደ ባሕር ከመውጣታቸው በፊት የጀልባቸውን ሆድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፋቸው ይዳብሱ ነበር፤ ልጃቸው ለምን እንደሆነ ሲጠይቋቸውም «ጀልባ ሲያረጅ አፍ አውጥቶ አይናገርም፤ ጠይቀኸው ነው» ይሏቸው ነበር። ኢንጂነር ሃልቫርድ ከዚህ የበለጠ ትምህርት የትም እንዳላገኙ እስከ መጨረሻው ይናገሩ ነበር፤ የትሮንድሄም መምህሮቻቸው ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አናውቅም።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሃቭነስ አጠናቀው በ1951 ወደ ትሮንድሄም በማቅናት ምህንድስና ተምረዋል። ገና ተማሪ ሳሉ፣ የዘመኑ ጉድ የተባሉ አዳዲስ የመንገደኛ ጄቶች በጠራ ሰማይ ላይ ሳሉ መበታተናቸው ተሰማ። ምክንያቱ በኋላ ሲጣራ የብረት ድካም ሆኖ ተገኘ። አውሮፕላን ከፍ ሲል ውስጡ በአየር ይነፋል፣ ቆዳው ይወጠራል፤ ሲወርድ ይረግባል። ሽቦ ወዲያና ወዲህ ሲያጣጥፉት መጀመሪያ ምንም አይመስልም፤ ኋላ ቀጭ ይላል። ወጣቱ ሃልቫርድ ያን ጊዜ ለእናታቸው በጻፉት ደብዳቤ «እማ፣ ለካ ብረትም ይደክመዋል» ብለው ነበር። እናታቸው «ብረቱስ ያረፈበት ጊዜ አለው» ብለው መለሱላቸው።

በ1955 ተመርቀው በአንድ የአውሮፕላን ጥገና ድርጅት ለጥቂት ዓመታት ከሠሩ በኋላ ኦስሎ በሚገኘው የበረራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በተቆጣጣሪነት ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያው አልወጡም። በ1958 የሙዚቃ መምህርት ከነበሩት ከወይዘሮ ቦርግሂልድ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሲኖቭንና ኤይንድሬን ወልደዋል። ለልጆቻቸው ጥሩ አባት ነበሩ፤ ለዕረፍት ጉዞ ግን አይመቹም። አውሮፕላን በር ላይ ቆመው ሪቬት በሚባሉት ጭንቅላታም ምስማሮች ላይ ጣታቸውን ሲያሳልፉ፣ ከኋላቸው የቆመው ሰልፍ ሻንጣውን ታቅፎ ያጉረመርማል።

«አባዬ፣ በናትህ ግባ! ሰው እኮ ቆሟል!» ትላለች ሲኖቭ በሐፍረት ቀልታ።

«ይቁም። ቆሞ መቆየት አይገድልም» ይላሉ እርሳቸው፣ ዘወር ሳይሉ።

በዚያ ዘመን ሰው አውሮፕላን ውስጥ እንዳሻው ያጨስ ነበር። ኢንጂነር ሃልቫርድ ሲጋራ ይጠላሉ፤ ጭሱ ግን ውለታ ይውልላቸው ነበር። የታፈነው አየር በስንጥቅ ሾልኮ ሲወጣ የትምባሆውን ቅጥራን ይዞ ይወጣና በውጭው ቀለም ላይ ቡናማ መስመር ይተዋል። «ሐሜተኛ ጎረቤት ማለት ነው፤ የቤቱን ገመና አደባባይ ያወጣል» ይሉ ነበር። ስለዚህም በየጥገናው ቤት እየዞሩ፣ ተቆጣጣሪ ሳያይ አሮጌ አውሮፕላን እንዳይታጠብ ይለምኑ ነበር። ልመና ነው እንጂ ደንብ አልነበረም። ሰውም ራሱን እየነቀነቀ ይሰማቸውና ረስቶት ይሄዳል።

የሃቭነሱ ነገር የመጣው በ1979 ነው። በከተማይቱ አንዲት አነስተኛ አየር መንገድ ነበረች፤ ያላትም ከውጭ አገር አርጅቶ የተገዛ አንድ አውሮፕላን ብቻ። እርሱም ከደሴት ደሴት ቀኑን ሙሉ ብድግ ቁጭ ሲል ይውላል። የጥገናው አለቃ የኢንጂነር ሃልቫርድ እህት የወይዘሮ ጉንቮር ባለቤት አቶ ስቬረ ነበሩ፤ ሥራቸውን የሚወዱ፣ እጃቸው የተባረከ ሰው። ተቆጣጣሪው ኢንጂነር ሃልቫርድ እንዲመጡ የተቀጠረው ደግሞ በግንቦት፣ በብሔራዊው በዓል ማግሥት ሆነ።

ከበዓሉ በፊት የጸደይ ደቦ አለ። ትምህርት ቤቱ ይጠረጋል፣ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ይቀባል፣ የወደቡ ደረጃ ይፋቃል፤ ከደቦ የቀረ ሰው ስሙ እስከ ገና ይነሣል። በዚያ ዓመት ስቬረ «እንግዳችን እኮ የአገራችን ልጅ ነው!» ብለው ደቦውን አውሮፕላኑ ወደሚያድርበት ሃንጋር ጠሩት። ሕዝቡ ባልዲና ብሩሽ ይዞ ወጣ። መሰላል ተደገፈ፤ አሮጌው አውሮፕላን ከአፍንጫው እስከ ጭራው በሳሙና ታጥቦ በሰም ተወለወለ። ይህን ያደረጉት ሊያታልሉ አልነበረም። አክብረዋቸው ነው።

ኢንጂነር ሃልቫርድ በበዓሉ ማግሥት የሃንጋሩን በር ሲከፍቱ አውሮፕላኑ እንደ ሙሽራ ያብለጨልጫል። በጎኑ በጠረጴዛ ላይ ቫፍል የተባለው ጣፋጭ ቂጣና ቡናማ አይብ ቀርቧል። ቦርሳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ማነው ያጠበው?»

«ማነው ትላለህ እንዴ? አገሩ በሙሉ ነዋ!» አሉ ስቬረ። «ጠጋ በል፣ ፊትህን ታይበታለህ።»

«ስቬረ፣ ሳይታጠብ አቆዩኝ ብዬ አልነበረም?»

«ታዲያ እንግዳ በእድፍ ይቀበላል? ኦስሎ ሄደህ ወግህንም ረሳኸው?»

ወይዘሮ ጉንቮር በሳቅ ገቡበትና ለወንድማቸው ቫፍል በሳሕን ሰጧቸው። «ይልቅ በሩ ግርጌ ያለችው ቡናማ ነገር ናት ክንዴን የፈጀችው! አምና ስቬረን ሳግዝ ፈግፍጌ ፈግፍጌ አስለቅቄያት ነበር፤ ዘንድሮ መጥቼ ባይ እዚያችው ቦታ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። ለቅቄሽ አልሄድም አልኳትና አሸነፍኳት።»

ኢንጂነር ሃልቫርድ ያልቀመሱትን ቫፍል መልሰው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «የቱ ጋ? አሳዪኝ» አሉ። እህታቸው በጣታቸው አሳዩ። ነጭ ቀለም ብቻ ነበር።

ሲፈትሹ ዋሉ። ከላይ የሚታይ አልነበረም፤ ስንጥቅ ካለ ያለው ሁለቱ ቆርቆሮዎች በተደራረቡበት ከሥር ነው፤ ያን ለማየት ደግሞ ሪቬቶቹን ነቅሎ መገጣጠሚያውን መክፈት ያስፈልጋል። ይህ ለትንሿ አየር መንገድ የበጋውን ገበያ ማጣት ነበር። አመሻሹ ላይ አውሮፕላኑ ተከፍቶ እስኪታይ ከመሬት እንደማይነሣ ነገሯቸው።

«ምን አይተህ?» አሉ ስቬረ። «በሚስቴ ወሬ ነው አውሮፕላን የምታቆመው?»

«አዎ። ሌላ ምስክር የለኝም፤ እናንተ አጥባችሁታል።»

«እሷ እኮ ስትፎክር ነው!»

«አውቃለሁ። ያመንኳትም ለዚህ ነው።»

ኦስሎ ያሉት አለቃቸው በስልክ «ስንጥቁን አይተኸዋል?» ብለው ጠየቋቸው። አላየሁም አሉ። «ታዲያ ምንድን ነው ያየኸው?» «ንጽሕና» አሉ ኢንጂነር ሃልቫርድ። አለቃቸው እስኪበቃቸው ተቆጡ፤ እገዳው ግን ጸና፤ ፈራሚው ኢንጂነር ሃልቫርድ ነበሩና። ለእገዳው ምክንያት መጻፍ ግድ ስለሆነም የእህታቸውን ቃል እንዳለ አሰፈሩት። ያም በአካባቢው ጋዜጣ ወጣ።

በዚያ በጋ ሃቭነስ ያለ አውሮፕላን ከረመች። በሽተኛ በጀልባ ተጫነ፤ የባሕሩ ማዕበል ያላስመለሰው ሰው አልነበረም፤ ያስመለሰውም ሁሉ የኔስቪክን ስም ጠራ። አየር መንገዷ ቆይታውን አልቻለችውም፤ ሃንጋሩ ተዘጋ። ስቬረ ዓሣ ፋብሪካ ገብተው በዚያ የተባረከ እጃቸው ዓሣ ሲገፍፉ ኖሩ። በመከር ወቅት መገጣጠሚያው በመሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ ሲከፈት፣ ልክ ወይዘሮ ጉንቮር በጣታቸው ባሳዩበት ቦታ ሥር፣ ከሪቬት ወደ ሪቬት እየተሻገረ ክንድ የሚያህል ስንጥቅ ተገኘ። ዜናው በጋዜጣው የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ከዓሣ ዋጋ በታች ታተመ። ማንም ይቅርታ አልጠየቃቸውም፤ ያልወደቀ አውሮፕላን ምስክር የለውም። ይህን ታሪክ የጻፈችው የወይዘሮ ጉንቮር ልጅ ያን ሰኔ ለዓይን ሕክምና በዚያው አውሮፕላን እንድትሄድ ትኬት ተቆርጦላት ነበር። ይህም ቢሆን በቤታችን አልተነሣም። እናታችንን ያቃጠላቸው ስንጥቁ መኖር አለመኖሩ ሳይሆን፣ ለወንድማቸው የተናገሩት የጨዋታ ቃል የባላቸውን እንጀራ መቁረጡ ነበር። ወንድማቸውን ዳግመኛ አላናገሯቸውም።

ኢንጂነር ሃልቫርድ ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት በስብሰባ አሳለፉ። ያረጀ አውሮፕላን ዕድሜው በዓመት ሳይሆን በተነሣና ባረፈ ቁጥር እንዲቆጠር፣ ከምርመራ በፊት እንዳይታጠብ፣ መገጣጠሚያው በየጊዜው ተከፍቶ እንዲታይ፣ ከገደቡ ያለፈም እንዲያርፍ የሚያስገድድ ደንብ ይውጣ እያሉ ከከተማ ከተማ ዞሩ። አየር መንገዶቹ ወጪውን ያነሣሉ፤ አምራቾቹ ተጨማሪ ጥናት ይጠይቃሉ፤ ጉባኤው ለከርሞ ይቀጠራል። እርሳቸውም ያንኑ ንግግር ይዘው ለከርሞ ይመጣሉ። ወይዘሮ ቦርግሂልድ «ይህን ንግግር እኮ ፒያኖው ራሱ ሸምድዶታል» ይሏቸው ነበር። ቤት ሲገቡ ጫማቸውን ሳያወልቁ ወንበር ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸው የነበረውን ልጆቻቸው ያስታውሳሉ።

በ1988 በዓለም ሌላኛው ዳርቻ፣ በደሴቶች መካከል ብድግ ቁጭ ሲል የኖረ አንድ አሮጌ ጄት ጣራው በአየር ላይ ተገንጥሎ አንዲት አስተናጋጅ ሕይወቷን አጣች። ከዚያ በኋላ ማንም ለከርሞ አልቀጠረም፤ ጠንከር ያሉ ደንቦች በየአገሩ ወጡ። ባልደረቦቻቸው እንኳን ደስ ያለህ ሊሉ ቢሮአቸው ሲመጡ ኢንጂነር ሃልቫርድ በሩን ዘግተው ነበር። ማታ ለባለቤታቸው «እኔ በልመና ያቃተኝን እሷ በሞቷ አስፈረመቻቸው» አሉና አለቀሱ። ደንቡ በጸደቀበት ቀን ምንም ደስታ አልነበራቸውም፤ ደክሟቸው ነበር።

በ1994 አቶ ስቬረ ሲያርፉ ሃቭነስ ሄደው ከቤተ ክርስቲያኑ ኋለኛ ወንበር ጀርባ ቆመው ቀበሩ። እህታቸው በአጠገባቸው አለፉ፤ ቀና አላሉም። ኢንጂነር ሃልቫርድም በማግሥቱ በጀልባ ተመለሱ። በ1996 ጡረታ ወጡ። በአውሮፕላን ማጨስ ሲከለከል ጋዜጣውን አጥፈው «ምስክሬን አባረሩብኝ» ብለው ስቀው ነበር፤ በእነዚያ ዓመታት ልጆቻቸው ሲስቁ ካዩአቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ ነው። ወይዘሮ ቦርግሂልድ በ2009 ካረፉ በኋላ ደግሞ ቤቱ ጭር አለባቸው።

ከዚያ የልብ ሕመም ጸናባቸውና ኦስሎ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ገቡ። ሐኪሙ ዕድሜያቸውን ሲጠይቋቸው «ዓመቱን ተወው፤ ስንት ደረጃ እንደወጣሁና እንደወረድኩ ቁጠርልኝ» ይሏቸው ነበር። ባለፈው መከር፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ ወይዘሮ ጉንቮር ከሃቭነስ ብቻቸውን በአውሮፕላን መጡ። ኮታቸውን ሳያወልቁ ከአልጋው ጎን ተቀመጡ። ሲኖቭ እዚያው ስለነበረች የተባለውን በሙሉ ሰምታለች።

«የመጣሁበት አውሮፕላን ቆሻሻ ነው» አሉ ወይዘሮ ጉንቮር። «ሆዱ ጠቁሯል።»

ኢንጂነር ሃልቫርድ ዓይናቸውን ገለጡ። «በሩ ግርጌስ?»

«አይቼዋለሁ። በጣቴም ዳብሼዋለሁ። ደኅና ነው። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ሲያጉረመርም፣ ቁሙ አልኳቸው፤ ቆሞ መቆየት አይገድልም።»

ይህን ቃል ከማን እንደሰሙት ሲኖቭ አልጠየቀቻቸውም፤ ምናልባት ከአባታቸው ከአቶ አንዶር የወረሱት ይሆናል። ወይዘሮ ጉንቮር ከቦርሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ቫፍል አወጡና አይብ ቀቡበት።

«ያን ቀን ሳትበላው ነው የሄድከው» አሉ።

ኢንጂነር ሃልቫርድ ያን ሰሞን ምግብ እምቢ ብለው ነበር። ያን ቫፍል ግን እህታቸው እየቆረሱ ሲያጎርሷቸው እስከ መጨረሻው በሉት።

ኢንጂነር ሃልቫርድ ኔስቪክ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በ83 ዓመታቸው፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2015 ዓ.ም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ልጆቻቸው ሲኖቭና ኤይንድሬ፣ አራት የልጅ ልጆቻቸው፣ የእህታቸው ልጆችና ዛሬ በፊተኛው ወንበር ላይ የተቀመጡት እህታቸው ወይዘሮ ጉንቮር በኀዘን ላይ ይገኛሉ። የእርሳቸውን ስም ሳያውቁ ተሳፍረው በደኅና የወረዱትን ግን ቤተሰባቸው ሊቆጥራቸው አይችልም።

የደከመውን ሁሉ ወደ እርሱ የሚጠራ አምላክ እኚህን የደከሙ ሰው ተቀብሎ ያሳርፍልን። እኛን ቤተሰቦቻቸውን ያጽናን፤ የተኳረፈ ወንድምና እህት ላለው ቤት ሁሉ፣ ጊዜ ሳያልፍ መንገዱን ይክፈትለት። አሜን።