የባለጣቷ ውሳኔ

መጋቢት 2

ማንጎ መላጥ አቃተኝ። ቢላው ሁለቴ ወደቀ። እማዬ "እጅሽ ተልባ ነው እንዴ?" አለች። ሳቅኩላት። ምን ልበላት?

ጠዋት ጠዋት ሁለቱ የቀኝ እጄ ጣቶች እንደ ሰነፍ ተማሪ ናቸው። ደወል ከተደወለ በኋላ ነው የሚመጡት። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ምንም። ጤነኛ ነኝ።

ዶክተር ቀነኒ ግን ደሜን ወስዳ ለምርመራ አዲስ አበባ ልካዋለች። ደሜ ከእኔ ቀድሞ አዲስ አበባን አየ። ቀናሁበት።

መጋቢት 7

ውጤቱ መጣ። ዶክተሯ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ አባዬን አየች። ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያ የሚበላበት የቁርጥማት ዓይነት አለ... ምልክቱ ደሜ ውስጥ ተገኝቷል አለች።

"ሊመጣ ይችላል። ላይመጣም ይችላል።"

"አሁን ታምሜአለሁ ወይስ አልታመምኩም?"

"መሃል ላይ ነሽ፣ ዘመናይ።"

መሃል! መነኸሪያ ነው እንዴ?

አንዳንዱ ላይ ሳይብስ ይጠፋል። ሌላው ላይ ቶሎ መድኃኒት ካልተጀመረ ጣት አጣምሞ ይቀራል። እኔ የትኛዋ ነኝ? አታውቅም። ማንም አያውቅም። መድኃኒቱ የክሎሮኪን ዘመድ ነው አለች። ከተጀመረ ለዓመታት፤ ዓይንም በየጊዜው መታየት አለበት። መጀመርም ያስኬዳል፣ እየተከታተሉ መጠበቅም ያስኬዳል።

"ከሦስት ሳምንት በኋላ ወስናችሁ ኑ። እስከዚያ ስትነሺ ጣትሽ እስኪፈታ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በየቀኑ ጻፊልኝ።"

ከአባዬ ጋር ባጃጅ ውስጥ ገባን። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ "ጉዳዩ በኮሚቴ ይታያል" አለ።

አለቀልኝ። አባዬ የቢሮ እቅድ ባለሙያ ነው፤ ቢሮውን ቤት ይዞት ይመጣል። ለፋሲካ በግ ለመግዛት እንኳ ሁለት ስብሰባ ጠርቷል። በጉ ሳይሰለቸው አልቀረም። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ፣ ጽሑፌ ስለሚያምር።

መጋቢት 8

አስር ደቂቃ።

መጋቢት 9

አስር።

መጋቢት 10

አስር። ሰዓቱን መቁጠር የምጀምረው መቼ እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም።

መጋቢት 13፣ እሁድ

ተሰበሰቡ። ሰብሳቢ፦ አባዬ። አባላት፦ እማዬ፣ የአባዬ እናት እማማ አስረሳሽ፣ ጎረቤታችን አቶ ሐመድ። አጀንዳ አንድ፦ የዘመናይ ጣት። ጸሐፊ፦ ጣቷ የታመመባት ራሷ።

"እኔስ ድምፅ አለኝ?" አልኩ።

"ጸሐፊ ድምፅ የለውም" አለ አባዬ። "አሠራር ነው።"

እማማ ጋቢያቸውን እየሳቡ "ብርድ ነው የመታት!" አሉ። በመጋቢት! አሶሳ! ዶሮዎቹ እንኳ አፋቸውን ከፍተው ጥላ ስር ተኝተዋል። "ቁርጥማት በዘራችን የለም" ብለው ጨመሩ፣ ኩባያውን በሁለት የእጅ አንጓቸው መሃል ይዘው። የእማማ ጣት ዝንጅብል ነው የሚመስለው። ይሄስ ምንድነው ስላቸው፣ "አባትሽን ወልጄ በአራስነቴ ቀዝቃዛ ውሃ ነክቼ ነው" አሉ። አባዬ አንገቱን ደፋ። ጥፋተኛው ተገኘ።

አቶ ሐመድ የሆሞሻ ሰው ናቸው፤ ቢንቲ ነው የሚሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። "ቢንቲ፣ እኔ ይሄ ክሎሮኪን ወላሂ ሃምሳ ጊዜ በላ። ወባ ሄደ። ቆዳ አሳከከ። ጣት ግን አልነካም። ወባ የለም፣ ታዲያ ለምን ይበላል?"

እዚህ አገር ክሎሮኪንን የማያውቅ የለም፤ ስለዚህ ሁሉም ሐኪም ነው። ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም ብል ማን ይሰማኛል? ጸሐፊ ነኛ።

እማዬ ብቻ ጨርቁን እያጣጠፈች "በሽተኛ ናት ብለው እንዳያወሩባት..." አለች። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

"ተጨማሪ ጥናት ይደረግበት" አለ አባዬ። ሦስት ድምፅ ለመጠበቅ። እማዬ ድምፀ ተአቅቦ።

እኔስ? ተቀምጬ የራሴን እጅ ዕጣ በራሴ እጅ እጽፋለሁ። ብዕሩ ከበደኝ። ከዚያ... እንዴት እንደመጣልኝ እንጃ፤ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

"ጣቱ የማን እንደሆነ ኮሚቴው ከመረመረ በኋላ የዘመናይ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ውሳኔው የባለጣቷ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።"

አባዬ ሳያነብ ፈረመ። ቢሮም እንደዚሁ ነው የሚፈርመው፣ ራሱ ነግሮኛል። እማዬም፣ አቶ ሐመድም ፈረሙ።

እማማ የጣት አሻራ ነው የሚያኖሩት። አውራ ጣታቸውን ይዤ ቀለም ውስጥ ነከርኩት። ወረቀቱ ላይ ላሳርፈው ብል አልዘረጋም አለ። መገጣጠሚያው ይሞቃል። ድንጋይ ነው። ትንሽ ገፋሁት።

"ቀስ!" አሉ። ድምፃቸው የልጅ ሆነ። ከዚያ ዝቅ ብለው ለእኔ ብቻ፦ "በልጅነቴ እኮ ውሃ ቀድቼ እስክመለስ ይፈታልኝ ነበር።"

በዘራችን የለም፣ አይደል?

መጋቢት 14

አስር ብዬ ልጽፍ ነበር። አልጻፍኩም።

መጋቢት 17

አባዬ ቃለ ጉባኤውን ፋይል ሊያደርግ ሲል አነበበው። ጩኸቱ አቶ ሐመድ ቤት ተሰማ።

"ይሄ ማጭበርበር ነው! ይሻራል!"

ዱላ ጠበቅኩ። እማዬ ከጓዳ ወጣች። ድምፀ ተአቅቦዋ እማዬ!

"ማን ነው የፈረመው?"

"እኔ... ሳላየው..."

"የተፈረመ ቃለ ጉባኤ በምን ይሻራል? ሃያ ዓመት ስትነግረኝ የኖርከውን ንገረኝ።"

"በሌላ ቃለ ጉባኤ" አለ አባዬ።

"ጸሐፊዋ አትይዝልህማ።"

ወረቀቱን አጠፈው። ደግሞ ዘረጋው። "ቢያንስ ጽሑፉ ያምራል" ብሎ ወጣ።

አሸነፍኩ!

መጋቢት 19

ምኑን ነው ያሸነፍኩት?

እነሱ ሲወስኑልኝ መሳቅ እችል ነበር። አሁን በማን ልሳቅ? ኪኒኑን ብውጠው በአሥራ ሰባት ዓመቴ በራሴ አፍ በሽተኛ ነኝ ማለቴ ነው። ባልውጠውና ቢጣመም ማንን ልወቅስ? ራሴን። በሁለቱም በኩል በሩ ተዘግቷል፤ ቁልፉ ደግሞ እኔው እጅ ነው። ጠዋት ቁልፍ በደንብ የማይዝ እጅ።

አባዬን "አንተ ብትሆን?" አልኩት። "ውሳኔው የባለጣቷ ነው" አለኝ። ተበቀለኝ።

መጋቢት 24

እሺ። እዚህ ላይ እንኳ አልዋሽ። ማንም አያነበውም።

ከሁሉም ቀድሜ ነው የምነሳው። ሽንት ቤት ገብቼ፣ እጄን ብብቴ ስር አድርጌ፣ ሲለቀኝ እወጣለሁ። ሰዓት የምይዘው ከዚያ በኋላ ነው። አስሯ ደቂቃ የሚታየው ብቻ ነበር። ዛሬ ዓይኔን ስገልጥ ጀመርኩ።

አርባ አምስት።

ውሃ ተቀድቶ ይመለሳል በዚህ።

መጋቢት 28

የዶክተሯ በር ላይ አባዬ "ልግባ?" አለ፤ እስክመልስ ቆሞ ጠበቀኝ። "ግባ" አልኩት።

ዶክተሯ ደብተሬን አየች። አስር፣ አስር፣ አስር፣ ከዚያ አርባ አምስት፣ አርባ፣ ሃምሳ። "ምን ተፈጠረ?"

"እውነት።"

አልተቆጣችም። እጄን ይዛ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ጫን ጫን አደረገችው። "ይሄን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምክሬ ሌላ ነበር። አሁን ብትጀምሪ ይሻላል እላለሁ። ግን የምትውጪው አንቺ ነሽ።"

"እጀምራለሁ።"

ጮክ ብዬ ልል ነበር። እንደ ትንኝ ወጣ። አባዬ መስኮቱን እያየ ዓይኑን ጠረገ። አቧራ ነው አለ። እሺ፣ አቧራ።

መጋቢት 29

መራራ! አቶ ሐመድ በአጥር በኩል "ቢንቲ፣ አሳከከ?" አሉኝ። ገና ነው አልኳቸው። ቅር አላቸው።

ሰኔ 7፣ እሁድ

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስብሰባ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሃያ አምስት ደቂቃ። መድኃኒቱ ነው? ወይስ ሳልውጠውም ይቀንስ ነበር? ዶክተሯም አታውቅም። ያልዋጠችውን ዘመናይ የት አግኝቼ ልጠይቃት? ማታ ማታ ኪኒኑን መዳፌ ላይ አድርጌ ይህን እጠይቃለሁ። ከዚያ እውጠዋለሁ። ነገም እንደዚሁ። ከነገ ወዲያም።

አጀንዳ አንድ። ባለፈው ሳምንት እማማ ጓዳ ጠርተውኝ፣ በሩን ዘግተው፣ "ያ ኪኒን... ላረጀ ጣትም ይሰጣል?" ብለውኝ ነበር። አላውቅም፣ ዶክተሯን እንጠይቅ አልኳቸው። እናም፦ "የእማማ አስረሳሽ ጣት።"

አባዬ ብዕሩን አንስቶ ለእኔ ሊሰጠኝ ሲል ቆመ። እጄን አየ። መልሶ ወሰደው።

"ጸሐፊ እኔ ነኝ" አለ።

"ጸሐፊ ድምፅ የለውም" አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ጻፈ። ጽሑፉ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ሲጨርስ ለፊርማ ዘረጋልኝ። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ ሁለቴ። ከዚያ ወደ እማማ ዞርኩ።

"ውሳኔው የእርስዎ ነው ይላል። ያሳርፋሉ?"

አውራ ጣታቸውን ራሳቸው ቀለሙ ውስጥ ነከሩት። አልገፋሁም። እስኪዘረጋ ጠበቅናቸው።