አሥራ ሰባት ቁጥር ያልተጠራችበት ቆጠራ፦ የአሰልጣኝ ሬኒታ ብሩተን ፔትዌይ የሕይወት ታሪክ

አሰልጣኝ ሬኒታ ብሩተን ፔትዌይ ከአባታቸው ከአቶ ከርቲስ ሆልምስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዳርሊን ብሩተን እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1983 በሰሜን ካሮላይና፣ በዚችው በሎውሪ ሚል ከተማ ተወለዱ። ያለ ጊዜያቸው ስለመጡ አምስት ፓውንድ እንኳ አልሞሉም ነበር። ሐኪሞቹ ሦስት ሳምንት በመስታወት ሣጥን ውስጥ አቆዩአቸው። አያታቸው ወይዘሮ ኧርነስቲን ብሩተንም ሦስቱንም ሳምንት ከመስታወቱ ፊት ወንበር ይዘው ትንፋሻቸውን ሲጠብቁ ሰነበቱ። ከአርባ አንድ ዓመት በኋላም ያው ሥራ ጠበቃቸው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጁትም እሳቸው ናቸው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ልመና አለ። ከሌሎች ኮሌጆች የመጣችሁ አሰልጣኞች ረጅም መንገድ እንዳለባችሁ እናውቃለን። ቢሆንም ይህ ተነብቦ እስኪያልቅ ከመቀመጫችሁ አትነሡ። መጨረሻው ላይ ቡድን ስላጣች አንዲት ልጅ የሚነገር አለ፤ ከእናንተ በቀር ደግሞ ማንም ምንም ሊያደርግላት አይችልም።

ሬኒታ የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በ1989፣ እናታቸው ወይዘሮ ዳርሊን በዝናብ ወደ ሥራ ሲሄዱ በመኪና አደጋ አረፉ። አባታቸው የባሕር ኃይል ባልደረባ ሆነው መርከብ ላይ ስለነበሩ ያሳደጓቸው አያታቸው ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት አንድ ሕግ ነበር፦ ከቤት የወጣ ሰው የሄደበት ሲደርስ ይደውላል። ትንሿ ሬኒታ መንገድ ተሻግረው ጎረቤት ሊጫወቱ ሲሄዱ እንኳ ከዚያ ቤት ስልክ አንሥተው፣ "እማማ፣ ደርሻለሁ" ይሉ ነበር። አያታቸውም በመስኮት እያዩአቸው፣ "እሺ፣ ማን ማን አለ እዚያ?" ብለው ይጠይቁ ነበር።

በ1991 ከተማው ልጆችን ለእግር ኳስ ሲመዘግብ የሴቶች ቡድን አልነበረም። ሬኒታ ከወንዶቹ ጋር ልጫወት አሉ። አያታቸው የፈቃድ ወረቀቱን ሳይፈርሙ ሁለት ሳምንት ሙሉ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈው አቆዩት።

"ወንዶቹ ይረግጡሻል፣ ልጄ።"

"መጀመሪያ ይድረሱብኛ፣ እማማ!"

በመጨረሻ ፈረሙ። ግን የቅልጥም መከላከያው ከፊትም ከኋላም እንዲታሰር፣ ከቁምጣው ሥርም ወፍራም የሱፍ ሱሪ እንዲለበስ አዘዙ። በመጀመሪያው ቀን ግብ ጠባቂው ልጅ፣ "ሬኒታ፣ ፍራሽሽን ለብሰሽ ነው የመጣሽው?" ብሎ ሜዳውን ሁሉ አሳቀው። ሬኒታ በዚያው ልብስ ሁለት ጎል አገቡበት። ሁለተኛው ሲገባ ልጁ ጭቃ ላይ ተዘርሮ ነበር። "ፍራሹን ላውስህ?" አሉት። አያታቸው ዳር ቆመው የቁስል ፋሻ የሞላ ቦርሳ ታቅፈው ነበር፤ ያን ዕለት ሳይከፈት ተመለሰ።

የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በከተማችን ተከታትለው በ2001 ሲያጠናቅቁ፣ ሴይለር ኮሌጅ በእግር ኳስ ችሎታቸው ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጣቸው። ኮሌጁ ከቤት አሥራ አንድ ማይል ነው። ከሩቅ የጠሯቸው ትላልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ። ቅርቡን የመረጡት በማን ምክንያት እንደሆነ አያታቸው ያውቃሉ፤ ደስ ይላቸዋል፣ ያፍሩበታልም።

በ2005 በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በዲግሪ ተመረቁ። አምስት ዓመት በረዳትነት ካገለገሉ በኋላ በ2010 የኮሌጁ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሆኑ። በአሥራ አራት የውድድር ዘመን 141 ጨዋታ አሸነፉ፣ 98 ተሸነፉ፣ 27 አቻ ወጡ። በ2016 እና በ2019 ዋንጫ አነሡ። አያታቸው የያዙት ቁጥር ግን ሌላ ነው፦ አሥራ አንድ የተጎዳ ጉልበት፣ አራት የጭንቅላት ግጭት፣ አንድ የተሰበረ አገጭ። በእነዚያ ሁሉ ቀናት ሬኒታ ራሳቸው ሆስፒታል ወስደው የልጅቷ እናት እስክትደርስ አልጋው አጠገብ ቆመዋል። ተጫዋች ሊመለምሉ ሰው ቤት ሲሄዱም ስለ ዋንጫ አያወሩም ነበር። እናትየውን፣ "ምንድነው የሚያስፈራዎት?" ይሉና ወረቀት አውጥተው የሚነገራቸውን ይጽፉ ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ የት እንደተማሩ ለሚያውቋቸው ግልጽ ነው።

በ2011፣ በዋና አሰልጣኝነት በሁለተኛው ዓመታቸው፣ ዌስት ቨርጂኒያ ተጫውተው በዝናብ ሲመለሱ አውቶቡሱ ነዳጅ ማደያ ላይ ቆመ። ሲነሣ ብሪያና የምትባል የአንደኛ ዓመት ተማሪ አልተሳፈረችም ነበር። ስልኳ ወንበሯ ላይ ቀርቷል። የታወቀው አርባ ማይል ከሄዱ በኋላ ነው። ሲመለሱ ልጅቷን ከገንዘብ ተቀባይዋ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጣ የተቀቀለ ለውዝ ስትበላ አገኟት።

"ኮች፣ ለውዙ ሳያልቅ ይመጣሉ ብዬ ነበር። ሁለተኛ ከረጢት ጀመርኩ!"

ሁሉም ሳቁ። ሬኒታ አልሳቁም። በማግሥቱ በአያታቸው ወጥ ቤት ቁጭ ብለው፣ "እማማ፣ የሰው ልጅ ረሳሁ። የሰው ልጅ መንገድ ላይ ጣልኩ" እያሉ እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ቆጠራው የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ለሃያ አራቱ ተጫዋቾች ከአንድ እስከ ሃያ አራት ማሊያ ታደለ፤ ቁጥር አይዘለልም። አውቶቡሱ ከመነሣቱ በፊት እያንዳንዷ የራሷን ቁጥር በራሷ አፍ ትጠራለች። ስለ ሌላ ሰው መጥራት ክልክል ነው። "ኮች፣ መጸዳጃ ቤት ናት፣ አይቻታለሁ" ቢባሉ፣ "ታዲያ ከመጸዳጃ ቤት ትጥራ!" ይሉ ነበር። ሃያ አራት ሲባል ብቻ ወደ ሾፌሩ ዞረው፣ "ሞልተናል፣ ንዳ" ይላሉ።

ሾፌሩ አቶ ዴሪክ ፔትዌይ ነበሩ፤ ብሪያና በቀረች ቀንም መሪውን የያዙት እሳቸው ናቸው። የጋብቻ ነገር ሲነሣ የሬኒታ አያት፣ "የሰው ልጅ ጥሎ የሄደ ሰው ለትዳር ይታመናል?" ብለው ነበር። ሬኒታ፣ "እማማ፣ አብረን ነው የጣልናት፤ ሁለተኛ አንጥልም" አሉ። ጨዋታ በሌለበት ወር፣ በጃንዋሪ 2013፣ በዚሁ በማውንት ፒልግሪም ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። በ2015 ኢማኒ ተወለደች። ኢማኒ አፏን ስትፈታ ከሁሉ አስቀድማ "ንዳ" አለች።

በኦገስት 2023 ሬኒታ የአንጀት ካንሰር እንዳለባቸው፣ ወደ ጉበትም እንደተሰራጨ ተነገራቸው። አያታቸው ሥራውን እንዲተዉ ለመኑ፣ ተቆጡ፣ የመኪና ቁልፍ እስከ መደበቅ ደረሱ። ሬኒታ አሥራ አንዱን ማይል ሊሄዱ በእግራቸው ወጡ። አያታቸው በቤት ጫማ ተከትለው ጥግ ላይ ደረሱባቸውና ቁልፉን ሰጧቸው። ሌላ ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር?

የውድድር ዘመኑን ብርድ ልብስ ለብሰው በታጣፊ ወንበር ላይ ሆነው ጨረሱ። በኦክቶበር የግራ ተከላካይዋ፣ አሥራ ሰባት ቁጥር ጆሲ ታከት፣ የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። ጆሲ ከተራራው አገር የመጣች፣ እናቷ ዶሮ ፋብሪካ የምትሠራ፣ ከቤተሰቧ ኮሌጅ የረገጠች የመጀመሪያዋ ልጅ ናት። ያን ቀን አሰልጣኟም ተጫዋቿም በአንድ መኪና ወደ ሆስፒታል ሄዱ። ማን ማንን እንደደገፈ የሚያውቅ የለም።

በፌብሩዋሪ 2024 የኮሌጁ ቦርድ ሴይለር በሜይ ወር ለዘለዓለም እንደሚዘጋ በሁለት አንቀጽ ደብዳቤ አስታወቀ። ሬኒታ ደብዳቤውን አንብበው፣ "ሃያ አራት ልጅ ነዳጅ ማደያ ላይ" አሉ። ከዚያ ስልክ አነሡ። አምስቱ ተመራቂዎች ሥራ፣ አሥራ ዘጠኙ ደግሞ ሌላ ቡድን እስኪያገኙ ላያርፉ ወሰኑ።

ከማርች ጀምሮ አልጋቸው በአያታቸው ሳሎን፣ በዚያው በልጅነታቸው መስኮት ሥር ነበር። ጣታቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቁጥሩን የሚደውሉት አያታቸው፣ የሚናገሩት እሳቸው ነበሩ። አንዳንዶቻችሁ ዛሬ እዚህ ተቀምጣችኋል፤ ታስታውሱ ይሆናል። "አንተ ሰው፣ ባለፈው ዓመት ይቺ ልጅ ሁለት አግብታብሃለች። ወስደህ ከራስህ ወገን አሰልፋት፤ ልብህም ያርፋል" ይሉ ነበር። የተጫዋቾቹ ስም ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ቦታ ያገኘች ልጅ ትደውልና ቁጥሯን ብቻ ትጠራለች፤ አያታቸው በእርሳስ ያከቡባታል። በማርች ስድስት፣ በኤፕሪል መጨረሻ አሥራ ስድስት፣ በሜይ 18 ሃያ ሦስት ሆኑ።

አሥራ ሰባት ቀረች። ሁሉም አሰልጣኝ አንድ ነገር ይላል፦ ጉልበቷ ሲድን ደውሉልን። ጆሲ የጉልበት ማሰሪያዋን አድርጋ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ኮች፣ እኔን ይተዉኝ። እናቴ ጋ ፋብሪካ ሥራ አለ። ዶሮዎቹ ጉልበቴን አይጠይቁኝም።"

"አውቶቡሱ ያለ አንቺ አይነሣም። ወሬውን ትተሽ እግርሽን እጠፊ። አንድ። ሁለት። አታጭበርብሪ፣ እያየሁሽ ነው። ሦስት።"

እሑድ ሜይ 26፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሬኒታ ዓይናቸውን ገለጡ። ሦስት ቀን ሙሉ ውኃ እንኳ አልዋጡም ነበር። የምታስታምማቸው ነርስ፣ "የሚጠብቁት ነገር አለ፤ እየተሠቃዩ የቆዩት ለዚያ ነው" ብላን ነበር።

"እማማ፣ አሥራ ሰባት ደወለች?"

አያታቸው፣ "ደውላለች" አሉ።

"የት አገኘች?"

"ኦሃዮ ነው መሰለኝ።"

"ኦሃዮ የት?"

አያታቸው የኦሃዮ ኮሌጅ አንድም አያውቁም። "እነዚያ... አረንጓዴ ማሊያ የሚለብሱት" አሉ።

ሬኒታ ጥቂት አሰቡ። "እሺ። ሣራቸው ጥሩ ነው፤ ለጉልበት አይከፋም" አሉ። ከዚያ በአልጋው ግርጌ ወደቆሙት ባለቤታቸው ዞረው፣ "ዴሪክ፣ ሞልተናል፣ ንዳ" አሉ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም።

ጆሲ አልደወለችም ነበር። ውሸቱን የተናገርኩት እኔ ነኝ። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ሃምሳ ሁለት ዓመት ልጆችን አትዋሹ ብዬ አስተምሬአለሁ። ስለ ሌላ ሰው ቁጥር መጥራት ክልክል መሆኑንም አውቃለሁ። ልጄን መያዝ አልቻልኩም፣ ልልቀቃትም ብል አልሆነልኝም፤ በእጄ የቀረው ያ አንድ ቃል ነበር። ፓስተራችን ጌታ ይቅር ይላል አሉኝ። እሱ ይቅር ይበለኝ፤ ጆሲ ግን እስካሁን ቡድን የላትም።

አሰልጣኝ ሬኒታ ማክሰኞ ሜይ 28 ቀን 2024 ረፋድ ላይ በተወለዱ በ41 ዓመታቸው ወደ ጌታ ሄዱ። ከቤቴ ወጥተው ደርሻለሁ ብለው ሳይደውሉልኝ የቀሩት ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ባለቤታቸውን አቶ ዴሪክን፣ የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውን ኢማኒን፣ አባታቸውን አቶ ከርቲስን፣ አያታቸውን፣ በአሥራ አራት ዓመት ያሰለጠኗቸውን ልጆች ሁሉ፣ የመጨረሻዎቹን ሃያ አራቱንም ትተውልን ሄደዋል።

አሰልጣኞች ሆይ፣ እንግዲህ የለመንኳችሁ ይኸው ነው። ጆሲ ታከት በግራ በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት። ጆሲ፣ እባክሽ ተነሺ፤ ቀስ ብለሽ፣ ወንበሩን ይዘሽ። ሐኪሟ በሴፕቴምበር ትሮጣለች ብሏል፤ የጻፈው ወረቀት በእጅ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ኦሃዮ መሆን የለበትም። ማሊያውም አረንጓዴ መሆን የለበትም። ከቀብር መልስ በታችኛው አዳራሽ ምሳ አለ፤ እኔና እሷ የስኳር ድንች ጣፋጩ ካለበት ጠረጴዛ አጠገብ እንቀመጣለን፤ የመጨረሻው ሰው እስኪወጣም አንነሣም። መንገዱ እርጥብ ስለሆነ ስትመለሱ ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ ስትደርሱም ለቤታችሁ ደውሉ።

ጌታ ሆይ፣ የሬኒታን ነፍስ በዕረፍትህ ቤት ተቀበል፤ ከእናታቸው ከዳርሊን ጎን አስቀምጣቸው። በሰላም መድረሳቸውን አውቅ ዘንድ ሌላ ምልክት አልጠይቅህም። ጆሲ በራሷ አፍ "አሥራ ሰባት" ስትል አሰማኝ። አሜን።